ከጉልበት እስከ ደረት

ቢ ዜና መጥረጊያዋን ዘቅዝቃ በእጀታው ጣሪያውን መደብደብ ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ላይ ቤት የውሃ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ዷ! ዷ! ዷ! ታደርጋለች። ከጣሪያው አጠናዎች መካከል የቆየ ኖራ እየተፈረፈረ ራሷ ላይ ይዘንባል። ያም የእህቷ ጥፋት ተደርጎ ይቆጠራል።

ላይ የምትኖረው ታላቅ እህቷ ምዋናሻ ናት። ሁለቱንም ፎቅ የሠራው አባታቸው ነው። በእኛ በላሙ ደሴት ሴት ልጅ ስታገባ ከአባቷ ቤት አትወጣም፤ ባሏ ነው ተጠቅልሎ የሚገባው። ስለዚህ ሁለተኛ ሴት ልጅ የተወለደችለት አባት ወደ ላይ ይገነባል። ሰውየው ታላቂቱ ነፋሱን ትውሰድ ብሎ ላይኛውን ለምዋናሻ፣ ምድሩን ለዜና ሰጠና ሞተ። ነፋስና ምድር ከዚያ ወዲህ አልተስማሙም።

እኔ ግንበኛ ነኝ። ስሜ ኮምቦ ነው፤ ሰው ግን ፉንዲ ይለኛል፣ እዚህ የእጅ ሥራ የሚያውቀውን ሁሉ እንደሚሉት። ሐሙስ ጠዋት ቢ ዜና አስጠራችኝ፤ እዚህ ትልቅ ሴት በአክብሮት «ቢ» ተብላ ነው የምትጠራው።

«ግባ ፉንዲ። ጫማህን አታውልቅ፣ ወለሉ ረግረግ ነው።»

«ሰላም አደርሽ ቢ ዜና?»

«ሰላም ላይ ቤት ነው ያለው። እሷ ስትታጠብ ታድራለች፣ እኔ እዚህ እሰምጣለሁ። ና እይልኝ የሠራችኝን!»

ባሏ ፋማው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ጣቶቹ መቼም አይጠሩም። ሰላምታዬን በአገጩ ተቀበለኝ።

ግድግዳውን አየሁት። ከሦስት ዓመት በፊት ሠርቼ ስጨርስ እንደ እንቁላል ቅርፊት ልስልስ ያለ ነጭ ነበር። አሁን ቀለሙ እሳት እንደነካው ቆዳ አብጦ፣ አንዳንዱ ፈንድቶ፣ ከሥሩ ነጭ የጨው ፀጉር አብቅሏል። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አርቀውታል፤ የውስጡ ልብስ ሁሉ ሻግቷል። ባለፈው ሳምንት የእጅ መዳፍ ውፍረት ያለው ልስን ተገንጥሎ የልጃቸው ትራስ ላይ ወደቀ። ልጅቷ እንደ እድል ሆኖ ለሰላት ተነስታ ነበር።

«ራሷ ላይ ቢሆንስ?» አለች ዜና። «እ? ራሷ ላይ ቢሆን ኖሮ አክስቷ ላይ ሆና የምትታጠብበት ውሃ ለልጄ መታጠቢያ ይሆን ነበር!» የሬሳ መታጠቢያ ማለቷ ነው። ፋማው እንኳ ቀና ብሎ አያት።

«ነገ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ምዜ ሼኩዌ በራፋችን ላይ ይቀመጣሉ» አለኝ ፋማው። ምዜ ሼኩዌ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው የፈረዱትን ማንም አያፈርስም። «አንተን ይጠይቁሃል። የላይ ቤቱ መታጠቢያ ገንዳ ያፈሳል ትላለህ፣ ገንዳው ይፈርሳል፣ ውሃ ሁለተኛ ወደ ላይ አይወጣም። መዶሻውን ገዝቻለሁ። ፍርስራሹን የሚያወጣ አህያም ተነግሯል።»

«ዓሦቹስ?» አልኩት፣ ምን እንደምል ጠፍቶኝ። ገንዳ ያለው ሁሉ የወባ ትንኝ እጭ የሚለቅሙ ጥፍር የሚያህሉ ዓሦች ውስጡ ያኖራል።

«ጠብሳ ትብላቸው።»

ምዋናሻ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። ውሃ ወደ ላይ አይውጣ ተብሎ ከተፈረደባት መታጠቢያ የላትም፣ ለሰላት የምትታጠበው ውዱእ የላትም፤ ሻንጣዋን ይዛ በጀልባ ተሻግራ የሟች ባሏ ዘመዶች ጋር ከመጠጋት በቀር መንገድ የላትም። ይህን ዜና ታውቃለች። ፋማው ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

ሥራዬን ጀመርኩ። ከላይ የሚመጣ ውሃ ራሱን አይደብቅም፤ መጀመሪያ የጣሪያውን አጠና ያጠቁራል፣ ከዚያ እንደ እንባ መንገድ እያበጀ ይወርዳል። በርጩማ ላይ ቆሜ አጠናዎቹን አየሁ። ደረቅ ናቸው፤ በጥፍሬ ስቧጭራቸው ዱቄት ብቻ ነው የወጣው። ከጣሪያው ሥር ያለው ልስን ደህና ነው። ጉዳቱ ከወለሉ ተነስቶ ደረቴ ጋ ያቆማል፤ ጫፉ ላይ አንድ ሰው በገመድ ለክቶ ያሰመረው የሚመስል ቢጫ መስመር አለ። በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረግሁት። ከበሮ ነው፤ ልስኑ ከድንጋዩ ተላቋል። በቢላ ፈልቅቄ ከጀርባው ያለውን እርጥብ በጣቴ ነካሁና ምላሴ ላይ አደረግሁት።

ጨው። ከገንዳ የሚፈስ ውሃ ከጉድጓድ የተቀዳ ነው፤ እንዲህ አያቃጥልም። ይህ ከመሬት የመጣ ነው፣ ባሕሩ ከሥራችን የሚልከው።

በዚያች ቅጽበት ሁሉንም አወቅሁት። እውነቱን ለመናገር ከዚያም በፊት አውቀው ነበር፤ ጣቴን ምላሴ ላይ ያደረግሁት ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ነው።

ቤቶቻችን ከባሕር በተቆረጠ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ድንጋዩ በቀዳዳ የተሞላ ነው። የኩራዝ ክር ላምባውን እንደሚስብ ከመሬት ውሃ ይስባል። ሁሌም ስቧል። በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ግን እስከ ጉልበት ድረስ ይረጥብና ውሃው በኖራው በኩል ወጥቶ ነፋስ ይወስደዋል፤ ሰው በየዓመቱ ከረመዳን በፊት አንድ እጅ ኖራ ይቀባና ይረሳዋል። አባቴ ሲያስተምረኝ «ጉልበት ድረስ የባሕሩ ነው፣ አትጣላው» ይለኝ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ለፋማው ይህንኑ ነገርኩት። ድንጋዩን አቃጥለን፣ ጉድጓድ ውስጥ አብርደን፣ ኖራው እስኪበስል አራት ወር ይፈጃል አልኩት። የመጀመሪያ ልጁ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ፋማው ከሞምባሳ መመለሱ ነው፤ ጓደኞቹ ፊት ሳቀብኝ። «ኮምቦ፣ አንተን ድሮ የገዙን ፖርቱጋሎች ናቸው ረስተውህ የሄዱት? ሞምባሳ ሄደህ እይ፣ ሁሉ ሲሚንቶ ነው! ፉንዲ ነህ ወይስ የመቃብር ጠባቂ?» ሁሉም ሳቁ። ደሜ ፈላ። ግን ያናደደኝ የግድግዳው ነገር አልነበረም፣ ኋላ ቀር መባሌ ነው። አሳይሃለሁ ብዬ በዘጠኝ ቀን ጨረስኩለት፤ ወፍራም ሲሚንቶ፣ በላዩ የዘይት ቀለም። ፋማው በየሻይ ቤቱ አሞገሰኝ። ከዚያ በኋላ እዚሁ መንገድ ላይ አሥራ አንድ ቤት እንዲሁ ለሰንኩ።

«እሺ?» አለች ዜና ከኋላዬ። «ገንዳው ነው አይደል?»

«ላይ ወጥቼ ልየው።»

«ምኑን ታየዋለህ? ውሃ ወደ ላይ አይፈስም!»

ትቻት ወጣሁ።

አሥራ ሰባቱን ደረጃ ወጥቼ በሩን ሳንኳኳ ከውስጥ የምዋናሻ ድምፅ መጣ።

«ማነው?»

«ኮምቦ ነኝ ቢ ምዋናሻ፣ ግንበኛው።»

«ግንበኛ ወይስ ገንዳ አፍራሽ?»

«ላየው ነው የመጣሁት።»

በሩ ተከፈተ። ቀጭን ናት፤ በእርጅና ደግሞ ይበልጥ ቀጥ ያለች። «ሦስት ዓመት ስሰደብ ለማየት የመጣ ሰው የለም። ዛሬ ምን ተገኘ? ጫማህን አውልቅ። የእኔ ወለል ደረቅ ነው።»

አወለቅሁ። መታጠቢያ ክፍሉን ከፈተችልኝ። ጎንበስ ብዬ ገንዳው ውስጥ አየሁ።

ባዶ ነበር። ጠብታ ውሃ የለበትም። የሸረሪት ድር ከጥግ ወደ ጥግ ተዘርግቷል፤ አቧራው ላይ የእንሽላሊት እግር ታትሟል። ገንዳው ሲጠረግ ዓሦቹ የሚቆዩበት፣ አባታቸው ወለሉ ላይ የቀበረው የሸክላ ሳህን እንኳ ደርቆ መሐሉ ላይ የሞተ በረሮ ተኝቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዒድ ማግስት።»

በልቤ ቆጠርኩ። ስምንት ወር።

«ዓሦቹ?»

በአገጯ መስኮቱን አሳየችኝ። የመስታወት ማሰሮ ውስጥ አምስቱ ይዞራሉ። ጥግ ላይ ሰፊ የላስቲክ ሳፋ አለ፤ አጠገቡ ባልዲ።

«ሳፋው ውስጥ ቆሜ ነው የምታጠበው» አለች። «እንደ ሕፃን። ጠብታ እንዳትወርድባት። እጣቢውን ጎህ ሳይቀድ ተሸክሜ አውርጄ መንገድ ላይ እደፋዋለሁ። እሷ ደግሞ በራፌ ላይ ቆሻሻ ደፋችብኝ ብላ ሰፈር ሰብስባ አማችኝ።»

«ለምን አልነገሯትም ቢ ምዋናሻ?»

«ማን ጠየቀኝ?» ድምጿ ከፍ አላለም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። «አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ወጥታ ገንዳሽን አሳዪኝ ብትል... መጥረጊያዋን ዘቅዝቃ ትወቅጣለች እንጂ! ደግሞ አንተ።» ወደ እኔ ተጠጋች። «አባቴ ኖራ ሲያቃጥል አባትህ ነበር እንጨት የሚደረድርለት። ሁለታችሁም ሥራውን ታውቁታላችሁ። ታች ያለውን ነገር አፍንጫህ አልነገረህም? ወይስ ዛሬ ነው አፍንጫ ያወጣኸው?»

አንገቴን ደፋሁ።

«እንዲያው እንዳትደፋ» አለች። «ነገ ትናገራለህ ወይስ አትናገርም?»

«እናገራለሁ።»

«ስትናገር እሰማለሁ። መስኮቴ በራፉ ላይ ነው።»

አርብ ከአስር ሰላት በኋላ የበራፉ የድንጋይ አግዳሚ ሞላ። ምዜ ሼኩዌ መሐል ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ፋማው አዲሱን መዶሻ ጉልበቱ ላይ አጋድሞታል፤ ዜና በሩ መቃን ላይ ተደግፋለች። ከአሥራ አንዱ ቤት ባለቤቶች አራቱ እዚያው ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ሃልዋ የሚባለውን ጣፋጭ የሚሠራው ሷሌህ ነው፤ ሰው ሲጣላ ሳይጠራ የሚመጣ።

«ፉንዲ» አሉኝ ሽማግሌው፣ «አላህን ፍራና ተናገር። ገንዳው ያፈሳል?»

«አያፈስም።»

ፋማው ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ምን አልክ?»

«ባዶ ነው። ስምንት ወር ውሃ አልገባበትም። ባዶ ገንዳ ምን ያፈሳል?»

«ውሸት!» አለች ዜና። «ትናንት ስትመጣ ሰምታ ደፍታው ነው! እኔ አላውቃትም? ከእናቴ ሆድ ጀምሮ ነው የማውቃት!»

«ከእናትሽ ሆድ ስትወጪ እሷ አራት ዓመቷ ነበር» አለ ሷሌህ። ሰው ሳቀ።

«አንተ ሂድና ሃልዋህን አማስል!»

ከላይ የመስኮቱ መዝጊያ ተበረገደ። ምዋናሻ ናት። «ትውጣና ትይ! ደረጃው አሥራ ሰባት ነው፤ ረስታው ከሆነ እኔ ልቁጠርላት!»

ዜና ሁላችንንም አየችን። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ደረጃውን እየረገጠች ስትወጣ ሰማናት፤ የመጨረሻዎቹን ቀስ አለቻቸው። ምዜ ሼኩዌ መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«ስምንት ወር?!» የሚል ጩኸት መንገዱን ሞላው። «ስምንት ወር ስረግምሽ ዝም አልሽ?»

«የት ድረስ እንደምትሄጂ ልሰማ ፈልጌ!»

«ንገሪኝ አትይም? አፍ የለሽም?»

«አንቺ እግር የለሽም?»

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ባንድ ላይ ስለጮኹ የሚባለው አልተሰማም። የእናታቸው ስም ተነሳ። አንድ የጠፋ የጆሮ ጉትቻ ተነሳ። ዜና ስትወርድ ፊቷ በርበሬ መስሎ ነበር፤ ማልቀሷ ይሁን መናደዷ አልለይም። ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ እኔ ፊት ቆመች።

«ታዲያ ውሃው ከየት ነው?»

ከመሬት ነው፣ የአላህ ሥራ ነው ብዬ ማቆም እችል ነበር። ምዜ ሼኩዌ አሚን ይሉ ነበር፤ ገንዳው ይተርፍ ነበር፤ እኔም ሻዬን ጠጥቼ እሄድ ነበር። ቀና ስል መስኮቱ ላይ ምዋናሻን አየኋት። ክንዷን ደረቷ ላይ አጣምራለች።

«ከመሬት ነው» አልኩ። «በአባታችሁም ጊዜ ይመጣ ነበር። ኖራው ያስወጣው ነበር። እኔ በሲሚንቶ አፈንኩት። መውጫ ሲያጣ ሽቅብ ወጣ። ጉልበት ላይ የነበረውን ደረት ያደረስኩት እኔ ነኝ።»

ፋማው መዶሻውን ጥሎ ሸሚዜን በሁለት እጁ ያዘ። «እና እያወቅህ ነው ቤቴን ያበላሸኸው? ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬህ ነበር። ሳቅህብኝ። ግን የልስን ማንኪያውን ያነሳሁት አንተ ስለሳቅህ ነው፣ ይህ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው። ልቀቀኝ ወይም ምታኝ።»

«ልቀቀው» አሉ ሽማግሌው።

አልለቀቀኝም። የለቀቀኝ ሷሌህ ሲናገር ነው። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

«ቆይ። የእኔስ ግድግዳ?»

«የአንተም።»

«የእኔ እኮ አላበጠም! እንደ መስታወት ነው!»

«መደርደሪያህን ከግድግዳው አንሳና እይ።»

ቤቱ ከፊት ለፊት ነው። ሮጦ ገባ። ከባድ ነገር ወለል ላይ ሲጎተት ተሰማ፤ ዕቃ ተሰበረ። ከዚያ ሷሌህ እኔን ሳይሆን እናቴን ሰደበ። ሌሎቹ ሦስቱ ተያይተው ተነሱ፤ እየሮጡ ወደየቤታቸው። ትንሽ ቆይቶ መንገዱ ሁሉ የቁም ሣጥን መጎተት ሆነ፤ በመካከሉም በየበሩ ስሜ ይጠራል፤ ከስሜ ጋር የተጠራውን አልደግመውም። አንዱ ተመልሶ መጥቶ የልስን ቁራጭ እግሬ ሥር ወረወረ። «ይኸው ሥራህ» አለኝና ሄደ። ያነሳሁት ቁራጭ እርጥብ ነበር።

ምዜ ሼኩዌ ተነሱ። «ገንዳው አይነካም። ኮምቦ ያበላሸውን በገዛ ክንዱ ያነሳል፣ የሁሉንም ቤት። ዜና፣ እህትሽን ይቅርታ ጠይቂ።»

«ዛሬ አልችልም» አለች ዜና።

«እኔም ዛሬ መስማት አልችልም!» ተባለ ከላይ፤ መስኮቱ ተዘጋ።

ዜና ጎንበስ ብላ ባሏ የጣለውን መዶሻ አነሳችና በእጀታው በኩል ሰጠችኝ። «ያዝ። ለእሷ ገንዳ የተገዛ ነው። ነገ ከጎህ ጀምሮ እዚህ ትሆናለህ። ቁርስ ከእኔ ቤት አትጠብቅ።»

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶውን ስሰብር ዋልኩ። በአንድ በኩል በደህና ይገነጠላል፤ በሌላ በኩል ድንጋዩን ይዞት ይወጣል፣ የአባታቸውን ድንጋይ፤ ያ ሲሆን ዜና ከኋላዬ ትንፋሿን ስትስብ እሰማለሁ። ከሲሚንቶው ጀርባ ያለው ግድግዳ ጥቁር ነው፤ ዝናብ እንዳገኘው አፈር ይሸታል፣ በመዳፌ ስጫነው ውሃ ያወጣል። ሦስት ዓመት የታሰረ ውሃ። ለገንዳው ፍርስራሽ የተጠራችው አህያ የእኔን ሲሚንቶ ጭና አሥር ጊዜ ተመላለሰች። በእያንዳንዱ ምት ፋማውን እሰድባለሁ፤ ከዚያ ራሴን፤ ከዚያ ተመልሼ ፋማውን። ምንም አልቀለለኝም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደረጃው ላይ የውሃ ቀጂዎች እግር ተሰማ። ቀጥሎ ከራሳችን በላይ ውሃ ሲፈስ ሰማን፤ ባልዲ በባልዲ ላይ፣ ባዶ ገንዳ ውስጥ የሚወርድ ውሃ ድምፅ። በስምንት ወር የመጀመሪያው።

ዜና መጥረጊያዋን አነሳች። መዶሻዬን አወረድኩ። መጥረጊያውን ዘቀዘቀችና ጣሪያውን መታችው፦ ዷ! ዷ!

«አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?» የሚል ቁጣ ከላይ መጣ።

«ቀስ አድርገሽ ድፊ! ግድግዳው ራቁቱን ነው!»

«ጣሪያ እየደበደብሽ ስለ ግድግዳ ታወሪልኛለሽ?» አለች ምዋናሻ። ቀጣዩ ባልዲ ግን ቀስ ብሎ ወረደ።

ሷሌህ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ አላየሁም። ሰላም አላለኝም።

«የእኔ መቼ ነው?»

«ሲሚንቶውን ሰኞ ማንሳት እችላለሁ። ከዚያ ግድግዳው ይደርቃል፤ ኖራው ደግሞ አራት ወር ይፈልጋል።»

«አራት ወር ራቁት ግድግዳ ሥር ልተኛ?»

«አዎ።»

ደፍ ላይ እንትፍ ብሎ ሄደ። ዜና እንትፉን በመጥረጊያዋ ጠርጋ ወደ መንገዱ አወጣችው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ታየኛለህ? ምታ እንጂ!»

መታሁ።